ብራናና ቀይ አፈር በረቂቅ ሥዕል፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚሠራው ሥራ እንዴት ይነበባል?

ረቂቅ ሥዕል፣ በተለምዶ አብስትራክት የሚባለው፣ ሰውን፣ ዛፍን ወይም ቤትን አስመስሎ የማያሳይ ሥዕል ነው። አብዛኛው ተመልካች በእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሥዕሉ በፍየል ብራና ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በተቆፈረ ቀይ አፈርና ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ የተሠራ ሲሆን ግራ መጋባቱ ይበረታል፤ ዕቃው የቤተ ክህነት፣ መልኩ ደግሞ የዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስለሚመስል ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ ወዲያው አይታይም። ይህ ጽሑፍ ግንኙነቱን ከሥሩ ለማስረዳት የታሰበ ነው። የምከራከርለት ነጥብም አንድ ነው፤ ሥራው በትክክል ሲሠራ ዕቃው ራሱ በሥዕሉ መልክ ላይ ይወስናል፤ ስለዚህም «ምን ይመስላል?» ከሚለው በፊት «ከምን ተሠራ? ዕቃውስ ሠዓሊውን ምን አስገደደው?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ሥዕሉን ቶሎ ይረዳዋል።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከመሀል ከተማ ይልቅ ለዳርቻው የሚስማማው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይሸታል፤ ሲወጠር ቦታ ይይዛል፤ ሲደርቅ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል። አፈር ሲታጠብ ብዙ ውኃ ይወስዳል፤ ሲፈጭም አቧራው ጎረቤት ይደርሳል። ይህን ሁሉ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማድረግ አይቻልም፤ በመሀል ከተማ ሰፊ ግቢ መከራየትም ለአብዛኛው ሠዓሊ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ ወይም በአቃቂ በኩል ወጣ ያለ ግቢ ለሥራው ይመረጣል። ይሁን እንጂ የዳርቻው ትልቁ ጥቅም የኪራዩ መቅለል አይመስለኝም፤ መሬቱ ራሱ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለት ላይ ሲሆን፣ ዐለቱ በብዙ ዘመን ዝናብና ፀሐይ ሲበሰብስ የሰጠው አፈር እንደየአቅጣጫው ይለያያል። በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ይገኛል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ፣ በቦሌና በአቃቂ በኩል ደግሞ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር በሰፊው ተንጣሏል። ከተማዋ እየሰፋች በሄደች ቁጥር ለሕንፃ መሠረትና ለመንገድ የሚቆፈረው ጉድጓድ ይህን ሁሉ በየደረጃው ገልጦ ያሳያል። ለግንበኛው የሚወገድ አፈር የሆነው፣ ለሠዓሊው ለብዙ ጊዜ የሚበቃ የቀለም ክምችት ነው።

አፈር ቀለም የሚሆንበትን መንገድ ለመረዳት በቅድሚያ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ምግብ የምናቀልምበት እርድና እናቶቻችን እጅና እግራቸውን ያቀሉበት የነበረው እንሶስላ፣ የነኩትን ነገር ዘልቀው የሚያቀልሙ ናቸው። በሥዕል ላይ ያላቸው ድክመት በብርሃን መደብዘዛቸው ነው፤ በተለይ እርድ ፀሐይ ካገኘው ቢጫነቱን በአጭር ጊዜ ያጣል። የአፈር ቀለም ግን ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደተለየ ቆይቶ በሙጫ ኃይል ብቻ ከመደቡ ጋር ይያያዛል። ቀይና ቢጫ መልኩን የሰጠው ብረት ከአየር ጋር የሚያደርገውን ውሕደት ከብዙ ዘመን በፊት ስለ ጨረሰ፣ ብርሃን ከዚያ በኋላ የሚለውጠው ነገር የለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ጎጂ ጨረር በምታወርድበት ከተማ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ሠዓሊ ከአትክልት ቀለም ይልቅ አፈርን ሲመርጥ ሥራው ልጆቹ ዘንድ እንዲደርስ ማሰቡም ነው።

አሠራሩ ትዕግሥትን ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለበትም። አፈሩ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ ጥቂት ይቆያል። አሸዋው ስለሚከብድ ቶሎ ይሰጥማል፤ ደቃቁ ቅንጣት የቀረበት ድፍርስ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፤ ይህ ደጋግሞ ከተደረገ በኋላ ከሥር የረጋው ልም ጭቃ ደርቆ በወፍጮ ላይ በመጅ ይፈጫል። ቢጫው አፈር ደግሞ ሌላ ዕድል አለው፤ በምጣድ ላይ ሲጋል በውስጡ ከብረቱ ጋር ተያይዞ የነበረው ውኃ ይለቅና መልኩ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ይለወጣል። ስለዚህ ሠዓሊው የእሳቱን መጠንና ጊዜ በመቆጣጠር ብቻ ከአንድ ጉድጓድ በወጣ አፈር ብዙ ደረጃ ያላቸው ቀለሞችን ያገኛል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ድስት ሲተኩሱ የሚያዩት የመልክ ለውጥም ከዚሁ ከብረትና ከእሳት ግንኙነት የመጣ ስለሆነ፣ ከእነርሱ መማር ለሠዓሊ ከብዙ የትምህርት ሰዓት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥቁሩ ዋልካ ግን እንደ ቀዩ አይታዘዝም። ይህ አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በቦሌና በአቃቂ በኩል ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የግድግዳውንና የወለሉን መሰንጠቅ አይቶ ያውቀዋል። በሥዕል መደብ ላይ ሲቀባም እንዲሁ ይሰነጠቃል። ሠዓሊው በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ አለው፤ ከጭድ ብናኝ፣ ከአሸዋ ወይም ከቀይ አፈር ጋር ቀላቅሎ ጠባዩን ማብረድ፣ ወይም ስንጥቁን ራሱን የሥዕሉ መስመር ማድረግ። ሁለተኛውን የመረጠ ሠዓሊ ግን ሁሉን ለአጋጣሚ ተወ ማለት አይደለም። ወፍራም ቅብ ሰፋፊና የተራራቁ ስንጥቆችን ይሰጣል፤ ስስ ቅብ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይሠራል፤ የሙጫው መብዛትና ማነስ፣ የማድረቂያው ቦታ ጥላ ወይም ፀሐይ መሆን የስንጥቁን መልክ ይለውጣል። በእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የቆመ ተመልካች ስንጥቁ በአንድ ጥግ ሰፍቶ በሌላው ጥግ ለምን እንደ ደቀቀ ቢጠይቅ፣ ሠዓሊው እጁን ያከበደበትንና ያቀለለበትን ቦታ እያነበበ ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ጻፍሁት፤ በብሩሽ ያልተሠመረ፣ ነገር ግን የታሰበበት መስመር ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው።

አፈሩን የሚይዘው ሙጫ በአብዛኛው ከቆዳ ቁርጥራጭ በዝግታ የሚቀቀል ነው። ውኃው እንዲንተከተክ ከተተወ ሙጫው ኃይሉን ስለሚያጣ እሳቱ ለስላሳ መሆን አለበት። ሙጫ ያነሰው ቀለም ሲደርቅ በጣት ይረግፋል፤ ሙጫ የበዛበት ደግሞ ሲደርቅ እጅግ ስለሚሳብ ቅቡን ከመደቡ ላይ ይልጠዋል። መጠኑን በጽሑፍ ማስተማር ይቻላል፤ ሆኖም የእያንዳንዱ አፈር ጥማት ስለሚለያይ በመጨረሻ የሚወስነው የለመደ እጅ ነው። ጥቁሩ ቀለም የራሱ አሠራር አለው። ጸሐፍት ለዘመናት የተጠቀሙበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላና ካረረ እህል እንዲሁም ከዛፍ ሙጫ ተቀላቅሎ ለወራት ከተብላላ በኋላ የሚገኝ ነው። ጥላሸት ካርበን ስለሆነ አይደበዝዝም፤ በብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው መጻሕፍት ዛሬም ጥርት ብለው የሚነበቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰማያዊ ግን ከዚህ መሬት በቀላሉ አይገኝም፤ ይህም ስለ ትውፊት ያለንን ሐሳብ ሊያርም ይገባል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሰማያዊውንና ደማቁን ቀይ ቀለም በአብዛኛው ከውጭ በንግድ ከሚገባው ያገኙ ነበር። ስለዚህ «ባህላዊ ዕቃ» ማለት ሁሉም በቅርብ የተለቀመ ማለት ሆኖ አያውቅም፤ አያያዙ፣ ቅደም ተከተሉና እጅ ለእጅ የተላለፈው ዕውቀት ነው ባህላዊ የሚያሰኘው። አንድ ሠዓሊ ከሱቅ የተገዛ ሰማያዊ ዱቄት በራሱ ሙጫ ለውሶ ቢጠቀም ከአባቶቹ መንገድ አልወጣም። ሰማያዊን ጨርሶ ትቶ በቀይ፣ በቢጫ፣ በቡኒና በጥቁር ብቻ የሚሠራ ቢኖርም ያ የእርሱ ውሳኔ እንጂ የትውፊት ግዴታ አይደለም።

መደቡን በተመለከተ ከሁሉ የሚከብደው ብራና ነው። የፍየል፣ የበግ ወይም የጥጃ ቆዳ ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ዙሪያውን ተስቦ ይወጠራል። ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይላጫል፣ ገጹም ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ጫማ ከሚሠራበት ቆዳ የሚለየው ዋናው ነገር አለመልፋቱ ነው፤ ቆዳው የሚጸናው ተወጥሮ በመድረቁ ነው። በዚህ ሂደት ስለቱ ያለ ልክ ከነካው የተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ ውጥረቱ ሲሳብ ሰፍታ እንቁላል ቅርጽ ትይዛለች። የጥንት ጸሐፍት እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በጅማት ወይም በክር ይሰፉት ወይም በዙሪያው ይጽፉ ነበር። የዛሬው ረቂቅ ሠዓሊ ደግሞ ሥዕሉን ከዚያ ሊጀምር ይችላል፤ የቀዳዳው ቦታ፣ በእንስሳው ጀርባ ላይ ያለፈው ጠቆር ያለ መስመር፣ የፀጉሩ ሥር የተወው ነጠብጣብ ሁሉ ብሩሹ ከመነሣቱ በፊት በገጹ ላይ አሉ። ባዶ ሸራ ለሠዓሊው ምንም አይነግረውም፤ ብራና ግን አስቀድሞ የተሞላ ገጽ ስለሆነ የሠዓሊው የመጀመሪያ ሥራ መጨመር ሳይሆን የትኛውን እንደሚተው መምረጥ ነው።

ብራና ከደረቀ በኋላም አያርፍም። ከአየሩ እርጥበት እየሳበና እየመለሰ ይላላል፣ ይወጠራል፤ ከበሮ መቺ ቆዳው ሲላላበት ፀሐይ ወይም እሳት እንደሚያስመታው ዓይነት ነው። በሰኔ የተወጠረ ብራና በኅዳር ሌላ ነው። በክረምት ወፍራም ቅብ የተቀባበት ብራና በበጋ ሲኮማተር ቅቡን ሊያፈናቅለው ስለሚችል፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሠዓሊ በክረምት ሙጫ ይቀቅላል፣ አፈር ያጥባል፣ ንድፍ ያወጣል፤ ወፍራሙን ሥራ ለበጋ ያቆያል። በብራና ላይ የሚሠሩ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ስስ ቅብና ቀጭን መስመር ያላቸው ለምን እንደሆነም ከዚህ ይገባናል፤ ቆዳው የሚፈቅደው ያንን ነው።

ሌሎቹን መደቦች በአጭሩ ላንሣ። በእንጨት ገበታ ላይ ለሚሠራ ሥዕል ጀሶና ሙጫ ተቀላቅሎ ነጭ መደብ ይደረግለታል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ የእመቤታችን ሥዕሎች በዚህ መንገድ ይሠሩ ነበር፤ ከሠዓሊዎቹም ስሙን በሥራው ላይ የተወልን ፍሬ ጽዮን ይገኝበታል። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ደግሞ በብዙ ቦታ የጥጥ ጨርቅ በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ሥዕሉ በዚያ ላይ ይውላል። ለረቂቅ ሠዓሊ ይህ ሁለተኛው ብዙ መንገድ ይከፍታል፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ የተገዛ ሸካራ ጥጥ በጭቃ ላይ ሲለጠፍ የድርና የማጉ መረብ ከቀለሙ ሥር ይታያል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። ዕቃው የአገር ነው፤ ረቂቅነቱስ ከየት መጣ? ከአውሮፓ ብቻ ነው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትና በካርበን ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠሩ የተገመቱት ወንጌላት፣ ከወንጌላውያኑ ሥዕል ሌላ በዓምዶችና በቅስቶች ላይ የተደረደሩ የቅርጽና የቀለም ጌጦች አሏቸው። በኋለኞቹ የብራና መጻሕፍት አናትና ጠርዝ ላይ የሚሳበው ሐረግ ምንም ታሪክ አይተርክም፤ መስመሩ በመስመር ላይ እየተጠመዘዘ፣ ቀለሙ በቅደም ተከተል እየተለዋወጠ የሚሄድበት የራሱ ሥርዓት አለው። የሸማኔው ጥለትም እንዲሁ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለረቂቅ ሥዕል የሚቀርበው ግን በክታብ ላይ የሚሳለው ጠልሰም ነው። ክታብ ረዥም ጠባብ ብራና ሲሆን፣ ቁመቱ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረግ ነበር። በላዩ የሚሳሉት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች፣ መረቦችና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች የታሰቡት ለመታየት ብቻ አልነበረም፤ የታመመውን ሰው ያስጨነቀውን መንፈስ እንዲያባርሩ ጭምር እንጂ። ሥዕሉ አንድን ነገር ከመምሰል ይልቅ አንድ ሥራ እንዲሠራ ይጠበቅበታል። አንድ ቅርጽ ምንም ሳይመስል ኃይል ሊኖረው ይችላል የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ እጅግ በፊት በዚህ አገር ይታወቅ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች በትምህርት የተገናኙት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ጀመረ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ (እ.ኤ.አ. 1932–1981) በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና ረቂቅ ሥዕልን በዚህ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት የሚያዘጋጁ የቤተ ክህነት ሰው ስለነበሩ፣ በሥራው ውስጥ ያለውን የመስመርና የቀለም ሥርዓት ከኮሎኝ ብቻ የመጣ አድርጎ ማየት ይከብደኛል። እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ከለንደንና ከፓሪስ ቆይታው በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በዚሁ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የክታብን ቅርጾች ወደ ዘመናዊ ሥዕል ያመጣ፣ በቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይም የሠራ ሠዓሊ ነው። ዘሪሁን የትምጌታ በቆዳና በቀርከሃ ዘንጎች ላይ በመሥራት፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የፊደሎቻችንን አካል ከንባባቸው ለይቶ ቅርጽ በማድረግ መንገዱን አስፍተውታል። ኤልያስ ሲሜ ደግሞ ከጭቃ፣ ከክርና ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከመስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ ያቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳዎቹ ራሳቸው በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው። ስለ ዕቃ የጻፍኩትን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ከዚያ ቢጀምር መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ሥዕል ፊት ምን እንፈልግ? በቤተ ክርስቲያን አሣሣል በቅድሚያ ንድፉ በመስመር ይወጣል፤ ቀጥሎ ሰፋፊው ቦታ በቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻ ጥቁሩ መስመር ተመልሶ ቅርጹን ያጸናል። ረቂቅ ሠዓሊው ቅዱሳኑን ሳይሥል ይህን ቅደም ተከተል ብቻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ የመጣው መስመር የቱ እንደሆነ ፈልጉ፤ ቀለሙን ያቅፈዋል ወይስ ያቋርጠዋል? ካቋረጠው ሠዓሊው አውቆ ሥርዓቱን አፍርሷል፤ የሥዕሉ ክርክርም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ የብራናው ገጽ ባዶ የተተወበትን ቦታ፣ አፈሩ የወፈረበትንና የሳሳበትን ተመልከቱ። በተቻለ መጠን ከጎን በኩል፣ ብርሃን ገጹን አግድም ሲመታው እዩት፤ ከፊት ለፊት የማይታየው ጉድጓድና ጉብታ ያን ጊዜ ይገለጣል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ብራና መጠቀም ብቻውን ሥዕልን ጥሩ አያደርገውም። በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኙት፣ አንዱ ከሌላው ተገልብጦ በብራና ቁራጭ ላይ የሚሠሩት ሥዕሎች ዕቃቸው እውነተኛ ነው፤ ዕቃው ግን በሥራው ላይ የጨመረው ነገር የለም፤ በካርቶን ላይ ቢሠሩም ያው ይሆኑ ነበር። ጠልሰምን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። ቤተ ክርስቲያን በይፋ የማትደግፈው ቢሆንም፣ ዛሬም አምኖ በአንገቱ የሚያስር ሰው አለ። ቅርጹን ለጌጥ ብቻ ገልብጦ በሆቴል ግድግዳ ላይ መስቀል ለእኔ የሰውን ሕመም እንደ መናቅ ነው። ቅርጹ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አጥንቶ፣ ከራሱ ሐሳብ ጋር አዋሕዶ የሚሠራ ሠዓሊ ግን ከዚህ ወቀሳ ነጻ ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል ገዝቶ ቤቱ የሚሰቅል ሰው ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅመዋል። የቆዳ ሙጫ በውኃ ስለሚላላ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን ያነሣዋል፤ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ከማዕድ ቤት እንፋሎትና እርጥበት ከሚያስገባ የውጭ ግድግዳ ይራቅ። መስተዋት ከተደረገለት በመስተዋቱና በብራናው መካከል ክፍተት ይኑር፤ አለበለዚያ የታመቀው እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ነፍሳትና አይጥ ቆዳና ሙጫ ስለሚወዱ ጀርባውን አልፎ አልፎ ማየት ያስፈልጋል። ብራናው በሐምሌና በነሐሴ ሸብሸብ ቢል አያስደንግጥ፤ አየሩ ሲደርቅ በራሱ ይወጠራል። በእሳት ወይም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጦ ለማቃናት መሞከር ግን ቆዳውን ለዘለቄታው ያኮማትረዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ነበረበት የሚመልሰው መንገድ የለም።